ሮማን

ቀን ቀን አይነካም፣ ነሐሴ ነውና፤
ሌሊት ስምንት ሰዓት ትኩስ ነው ገና
ብረቱ። ቢሆንም ክሪኩን አስገባሁ፤
ዋኔቷን በወገብ ወደ ላይ አነሣሁ።

ሰማንያ አራት ሞዴል፣ የሐጂ ጃዋድ ናት፤
ቴምር፣ ፍየል፣ ሙሽራ አርባ ዓመት ጭነውባት
ሰሞኑን ከኋላ አንድ ነገር አመማት።
«አዲስ ይግዙ» አልኳቸው። «ልጆቼ ገዙልኝ፤
ቀበቶ እሰር ብሎ እንደ አማት ጮኸብኝ፤
አቆምኩት» አሉና ቁልፉን ወረወሩልኝ።

ከሁፉፍ ተሽሊህ አንድ አክስል አገኘሁ፤
ከተገለበጠች አቻዋ ላይ ፈታሁ።
ጎማዋ ወደ ሰማይ፣ ወንበሯ ላይ ጫማ፣
አንድ እግር ብቻውን፤ የማን እንደሆነማ
አልጠየቅኩም። ሻጩ ዋጋውን ነገረኝ፣
ሦስት መቶ ሪያል፤ ሃምሳውን ማረኝ።

የፍሬኑን ቧንቧ ስፈታው ፈሰሰ፤
ክንዴን ተከትሎ ብብቴ ደረሰ።
ካርዳኑ ወረደ። የባሌስትራው ዳዶ
ግን አርባ ዓመት ዝጎ፣ ከብሎኑ ተዋህዶ
እምቢኝ አለ። «ጉልዛር፣ እሳት!» አልኩ። መጣ።
ዳዶው ከጥቁር ቀይ፣ ከቀይ ነጭ ሆኖ ወጣ።
እሳትና ነዳጅ ክንድ ቢራራቁ ነው፤
ማንም አልተነፈሰም። የተናገረው
ዳዶው ነበር፦ ቀጭ።

ጉልዛር «ካማኒ» ሲል እኔ ባሌስትራ፤
ሐጂ «ሲስት» ይላሉ፤ አንድ ብረት በስንት ስም ይጠራ?
ጋሽ እንድሪስ በጥፊ ያስጠኑኝን ቃል፣
ክሪክ፣ ሴሚያስ፣ ሞርሳ፣ እዚህ ማን ያውቀዋል?
ጣሊያን ኮምቦልቻ ረስቶት የሄደ
ቋንቋ ነው፤ ከእኔ ጋር በጀልባ ተሰደደ።
«የፊቱ ያሳያል እንጂ አይገፋም፤
የኋላውን ንቆ ማንም ሩቅ አይሄድም»
ይሉ ነበር ጋሽ እንድሪስ፣
ጥፊው ከማረፉ በፊት።

የታመመው ወጣ፤ ግራሶው ሁሉ ደርቆ፣
ኩሽኔታው እንደ ጥርስ ከመሐል ተሰንጥቆ፣
ኳሶቹ መዳፌ ላይ ተራ በተራ ረገፉ።
ሐጂ በእጅ መብራት ጎንበስ ብለው አዩና
«ሩማን» አሉ።
ምን አሉ?
«ሩማን። እኛ ሩማን ነው የምንለው።»

ሮማን።
ያ የጓሯችን ዛፍ፣ ሲፈነዳ ውስጡ ጥርስ የሚመስል።
ሮማን አልኩ እኔም፣ ሳልማር ያወቅኩትን፣
ማንም በጥፊ ያላስጠናኝን።
ሦስታችን ቆመን ጥቁሩን ፍሬ እጄ ላይ ቆጠርነው፤
ስምንት።
አንድ ይጎድላል።

አዲሱን አሮጌ ለሁለት ተሸከምን፤
«ያ አላህ» አለ ጉልዛር፤ እኔ የማርያም ስም።
ከፍላንጁ ላይ ጭቃውን ስጠርግ
በፑንቶ የተመታ ፊደል ብቅ አለ፦
ጸ።
ፈትቶ ሲመልስ እንዳይሳሳት
አንድ የአገሬ ልጅ የተወው ምልክት።
መቼ ነው? የት ጋራዥ? አሁን የት ደርሶ ይሆን?
አቻዋ ጸ ሌላኛው ካርዳን ላይ ነበረች፤
ያ ካርዳን ለማቅለጫ ተጭኖ ሄዷል።
የእኛው ባዶ ነው። አዞርኩት፣ አዞርኩት፤
ብሎኖቹ ሲገቡ እዚያው ላይ ተውኩት፤
መዶሻዬን አምጥቼ
ፊት ለፊቷ ሌላ ጸ መታሁላት።

ሲነጋ ሞከርናት በቴምሮቹ መንገድ።
ኋላዋ ዝም ብሏል፤ እንደ ዳነ ሕመምተኛ ራሱን ያዳምጣል።
ግን የዚህኛው አክስል ጥርሱ ይለያል፤
ሰማንያ ስትሮጥ ቆጣሪው መቶ ይላል።
«መቶ!» አሉ ሐጂ፣ መሪውን በመዳፋቸው እየመቱ፤
«በአርባ ዓመቷ መቶ!»
አንድ የውሃ ቦቴ ጥሩምባ ነፍቶ ጥሎን አለፈ።
ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

ትናንት እናቴ በስልክ
«ሥራው እንዴት ነው?» ስትለኝ
የመለስኩላትን አስታውሼ
ዘጋሁት።